ለስልጆ ብዬ መጥቼ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። አስቀድሜ መናገሬ ደግ ነው፤ በኋላ «የዚህ ልጅ አፍ ክፉ ነው» እንዳትሉኝ። ሆዱ የተናደደ ሰው አፉ ቢከፋ አይፈረድበትም። ደግሞ የምሰድበው ሰው አይደለም፣ መንግሥትም አይደለም። የምሰድበው መኮሮኒን ነው። እሱን ቢሰድቡት የሚከፋው ዘመድ ያለው አይመስለኝም፤ ካለም ይምጣና እንነጋገር።

ፖላንድ መማር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ውጭ አገር ያለ የጎጃም ልጅ አገሩ የሚገባው ለፋሲካ ነው፤ ዶሮው፣ ሙክቱ፣ ጠላው ይጠብቀዋል። እኔ ግን አውቄ፣ ቀን ቆጥሬ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ትኬት ቆረጥሁ። አብረውኝ የሚማሩት አበሾች «ሰው ለሥጋ ይሄዳል እንጂ ለጾም ይሄዳል?» ብለው ሳቁብኝ። አንዱማ ልመነኩስ መስሎት «በጸሎትህ አስበኝ» አለኝ። ስልጆ የሚገኘው በጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው!

ስልጆን የምታውቁ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት፤ ምራቃችሁን በከንቱ አትጨርሱ። ለማታውቁት ግን፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተንተክትኮ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ ይሰነብታል። ሲደርስ በዳጉሳ እንጀራ ጠቅልላችሁ ትጎርሱታላችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ሰናፍጩ በአፍንጫችሁ ወጥቶ አናታችሁን ይመታና ያልተናዘዛችሁትን ኃጢአት ሁሉ ያስታውሳችኋል። ታስነጥሳላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ፣ እንደገና ትጎርሳላችሁ። ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ምግብ ያለው አገር ልጅ መኮሮኒ ብላ ሲባል አይናደድም ትላላችሁ?

ፖላንድ ውስጥ የበላሁትም እሱኑ ነው። መኮሮኒ በጨው፣ መኮሮኒ በቲማቲም፣ እሑድ ሲሆን ለበዓል ያህል መኮሮኒ በሁለት ቲማቲም። አንድ ጊዜ ብልጥ ነኝ ብዬ ስልጆ ልሠራ ሞክሬ ነበር። የባቄላ ዱቄት ከአንድ ቱርክ ሱቅ አገኘሁ። ሰናፍጩን ካጣሁ በኋላ እነሱ ቋሊማ ላይ የሚቀቡትን ቢጫ ነገር ጨመርሁበትና በጃም ጠርሙስ ከድኜ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። በስድስተኛው ቀን ክዳኑ ራሱ ተነሣና ኮሪደሩን ሽታው ሞላው። የተማሪ ማደሪያው ኃላፊ ጋዝ የፈሰሰ መስሏት ሁላችንንም ከሕንፃው አስወጣችን። በረዶ ላይ በነጠላ ጫማ ቆመን ስንንቀጠቀጥ ጓንት ያደረገ ሰው የእኔን ጠርሙስ በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ። የማን ነው ሲባል ዝም አልሁ። የአገሬን ምግብ ካድሁ ማለት ነው። ለዚህ ክህደት ንስሓ መግቢያው አንድ ብቻ ነበር፤ አገሬ ገብቼ እስክጠግብ ስልጆ መብላት።

እንግዲህ በአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ መጣሁ። አውቶቡሱ ደምበጫን ሲያልፍ ጀምሮ ሆዴ ይጮኽ ነበር። መጀመሪያ ያረፍሁት ፍኖተ ሰላም፣ እህል የሚነግደው አጎቴ አያ ስማቸው ቤት ነው። አያ ስማቸው በልጅነቴ ጥጃ አስጠብቼ ሲይዘኝ በሳማ የገረፈኝ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን ሰነበቱ!» አለኝ። ከኋላዬ ማን ሽማግሌ መጣ ብዬ ዞር አልሁ። ማንም የለም። አንቱ የተባልሁት እኔ ነኝ።

«አያ፣ ምነው አንቱ አልኸኝ?» አልሁት።

«ኧረ እንዴት ሁኖ አንተ ይባላል! ውጭ አገር የሚማሩ ሰው!» አለኝ።

ከዚያ ሚስቱ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አመጣች። ከጎኑ የታሸገ ውሃ። ጨርቁን ስታነሣው መኮሮኒ ነበር። ነጭ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ፣ ፖላንድ ትቼው የመጣሁት ራሱ መኮሮኒ፤ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

«ይብሉ እንጂ፤ የለመዱት ነው» አለች።

እዚህ ላይ ወግ የማያውቅ ሰው «ለምን አልበላም አላልህም?» ይለኛል። የኛ አገር እንግዳ የሰጡትን ይበላል እንጂ አይመርጥም። እንግዳ ተነሥቶ ጓዳ አይገባም። እንግዳ ቀድሞ ብቻውን ይበላል፤ ቤተሰቡ በኋላ ከጓዳ ይቀማምሳል። እኔም ብቻዬን እያላመጥሁ ሳለ ከጓዳ የአጎቴ ልጆች ሲያስነጥሱ ሰማሁ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ጉንፋን እንዳልሆነ ማንም የጎጃም ሰው ያውቃል። የጓዳው መጋረጃ እዚያ፣ ስልጆው ከመጋረጃው ኋላ፣ እኔ ከመጋረጃው ፊት ሹካ ይዤ። እንባዬ መጣ። «አየህ፣ ምግቡ ተስማምቷቸዋል» አለች ሚስትየዋ ለአያ ስማቸው።

ደግነቱ እናት ቤት አለ አልሁ። እናት ቤት እንግዳ የለም። በነጋታው ማንኩሳ ወርጄ፣ በባጃጅ ትንሽ ተጉዤ፣ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። እማ እስክትጠግብ ሳመችኝ። ቀጥላ እጄን ይዛ መደቡን አሳልፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። በእኛ ቤት ወንበር ኖሮ አያውቅም። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ለምና ያመጣችው ነው። ሹካውም የመምህራኑ ነው። መኮሮኒው ግን የራሷ ነው።

የእማን መኮሮኒ ለመግለጽ ቋንቋ ያጥረኛል። እማ የምታውቀው ባቄላ መቀቀል ነው፤ መኮሮኒውንም እንደ ባቄላ ቀቅላዋለች፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን። ቅርጹ ጠፍቶ ገንፎ ሆኗል። በርበሬ ደግሞ አላስነካችውም። «አንጀትህን እንዳይልጥህ» አለች። የቡሬ በርበሬ በጭነት መኪና ለአገር በሚተርፍበት ወረዳ፣ በርበሬ ጠል ተብዬ ተመደብሁ! ይህን የሰማ የፖላንድ ሐኪም እንኳ ያዝንልኛል።

እማ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ አፌን ታያለች። ጎረቤቶች በሩ ላይ ተደርድረው አፌን ያያሉ።

«እንዴት ነው ልጄ?» አለችኝ።

«በጣም ይጥማል እማ» አልሁ። ደደብ!

ወደ ጎረቤቶቹ ዞራ «አላልኋችሁም?» አለች። ፊቷ በራ። ሦስት ቀን ተከታታይ፣ ምሳም ራትም፣ ያው ሆነ።

በሦስተኛው ቀን እህቴን ብርቱካንን ከጓሮ ይዤ ጠየቅኋት። ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ በቤቱ ስልክ ያላት እሷ ብቻ ናት። «እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? ማን ነው መኮሮኒ ይወዳል ያላችሁ?» ብዬ ጮህሁባት።

«አንተ!» አለችኝና ስልኳን አወጣች።

በስልኩ ላይ እኔ ነበርሁ። መኮሮኒ የያዘ ሳህን ታቅፌ እስቃለሁ። ቀጥሎም እኔ፣ ሳህን፣ ሳቅ። ጣቷ ቢገፋው ቢገፋው አያልቅም። የሄድሁ ሰሞን እማ በስልክ «ምን ትበላለህ? ድምፅህ ከስቷል» እያለች ስታለቅስ አላስችል ብሎኝ፣ ሳህኑ ላይ ቅጠል ቢጤ ጣል አድርጌ፣ ጥርሴን ገልጬ ፎቶ ላክሁላት። «ይኸው እማ፣ ጠግቤያለሁ» ብዬ። ያን ሌሊት ተኛች አለች ብርቱካን። ስለዚህ በየእሑዱ ላክሁ። ፎቶ ካነሣሁ በኋላ ሳህኑን የምገፋው መሆኑን ግን ማንም አላየም። በመጀመሪያው ክረምት ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ በገመድ አስሬው እንደነበርም ማንም አላየም።

«እማ ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግሯ ሂዳ ኸአንድ ሆቴል አብሳይ ነው የተማረችው» አለች ብርቱካን። «ለዘመድ ሁሉ ‹ልጄ እንጀራ ትቷል፣ መኮሮኒ ስጡልኝ› ብላ ልካለች።»

«እንግዲያማ ዛሬውኑ እውነቱን እነግራታለሁ!»

«ንገራታ!» አለች፣ ተቆጥታ። «እሑድ እሑድ ኪዳነ ምሕረት ሂዳ የምታመሰግነው ያን ሳህን አይታ ነው። ውሸት ነው ስትላት የሁለት ዓመት እንቅልፏን ነው የምትነጥቃት። ይሁንልህ፣ ንገራት።»

አልነገርኋት። አሁን ንዴቴ እጥፍ ሆነ፤ ምክንያቱም የምናደድበት ሰው ሳፈላልግ ያገኘሁት ራሴን ነው። ራስን መስደብ ደግሞ አያረካም። ስለዚህ ሌላ መላ መታሁ። እማ ሳታውቅ፣ ከእማ ዓይን ርቄ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ጉርሻ ስልጆ እበላለሁ። ሌብነት ከሆነም ይሁን።

አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ቡሬ ሄድሁ። እትዬ ዘውዴ የእማ ታናሽ ናቸው፤ በምንም ነገር ከእማ ማነስ አይወዱም። መልእክቱ ደርሷቸዋል። እማ መኮሮኒ ካቀረበች እሳቸው መኮሮኒ፣ ፓስታና ሩዝ አቀረቡ፣ ሦስቱንም በአንድ ሳህን። ያን ክምር እያየሁ ሳለ ግን ከማዕዘን የታወቀ ሽታ መጣ። ማሰሮው እዚያው ነበር፣ በኩባያ ተከድኖ። እንግዳ ስጡኝ አይልም ብያችኋለሁ። በሰምና ወርቅ አገር ተወልጄ ግን መጠቆም ያቅተኛል? ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣

«እትዬ፣ ቤትዎን ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይለዋል» አልኋቸው።

ይህን የተናገረ ልጅ ድሮ ቢሆን «አማረህ እንዴ የኔ ጌታ!» ተብሎ ነበር የሚጎርሰው። እትዬ ዘውዴ ደነገጡ።

«ውይ አፈር በበላሁ! ይቅር በለኝ ልጄ፣ አይለምደኝም!» አሉና ማሰሮውን አቅፈው ሮጡ። ጎረቤት ወስደው አስቀመጡት። ሲመለሱ በሩንም መስኮቱንም ከፈቱ፣ ሽታው ይውጣልኝ ብለው። እኔም ሦስቱን የነጭ ዘር እየዋጥሁ፣ ስልጆዬ በመስኮት ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ነፋስ ነው አሉ።

ወደ እማ ተመልሼ ስምንተኛው ቀን ላይ ደረስሁ፤ ቅዳሜ። የሰፈራችን የአንድ ገበሬ አርባ ነበር። ሟቹን ነፍሳቸውን ይማርና በመልክ ብቻ ነው የማውቃቸው፤ ለተዝካራቸው ግን እንደ እኔ የቸኮለ ዘመድ አልነበራቸውም። ሂሳቤ ግልጽ ነው። ተዝካር ላይ ለማንም ተለይቶ አይቀርብም። ቄሱም፣ ለማኙም፣ ውጭ አገር የተማረውም ዳስ ውስጥ ተሰልፎ ከአንድ ድስት የተቀዳውን ይበላል። በጾም ደግሞ የሚቀዳው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከካህናቱ ዝቅ ብዬ በሁለት ገበሬዎች መካከል ተሸጎጥሁ። መጀመሪያ እንጀራ የሚያድለው አለፈ፤ የዳጉሳ እንጀራ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ። ቀጥሎ ሽሮ የያዘው አለፈ። ሦስተኛው ጎረቤታችን አያ አለልኝ ነው፤ ድስትና ጭልፋ ይዟል። ከወዲያ ጫፍ ጀመረ። አንዱ አስነጠሰ። ቀጥሎ ያለው አስነጠሰ። ማስነጠሱ በሰልፉ እየወረደ ወደ እኔ መጣ። አምስት ሰው ቀረኝ። ሦስት። ከጎኔ ያለው ገበሬ «ይማርህ» ተባለ። አያ አለልኝ ጭልፋውን ሞልቶ እንጀራዬ ላይ አነሣው።

«አያ አለልኝ፣ ተው! ለእሱ እንዳታደርግበት! ሆዱ አይችለውም!»

እማ ናት። ሥራ ልታግዝ ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ማድ ቤት ነበረች፤ እኔ በምን አውቄ! ሰዉን እየሰነጠቀች፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። እኔ ተኝቼ ሳለ ሌሊት ተነሥታ ቀቅላው፣ ይዛው መጥታ ነው። እንጀራዬ ላይ አስቀመጠችው። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ሹካ ፈትታ ሰጠችኝ። ዳሱ ሁሉ አየኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማስታውሰው በጆሮዬ ነው። የሚጮኽ ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ነበር።

«አልበላም! እማ፣ መኮሮኒ እጠላለሁ! አፈር ይብላው! ሁለት ዓመት በልቸዋለሁ፣ ሁለት ዓመት አልቅሸበታለሁ! አሁን ደግሞ እናቴ ቤት?»

ካህናቱ እንኳ ጉርሻቸውን ያዙ። አያ አለልኝ ጭልፋውን እንዳነሣ ቀረ፤ ስልጆው ጠብ ጠብ ይላል። ምስኪን ሰው ነው፣ የሚያደርገው ጠፋው። «ታዲያ ልጨምር ወይስ ልተው?» አለ። ቀጥሎ ላለው ሰው ሰጠው። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ «ልጄ፣ በጾም ቁጣም ይጾማል» አሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ግን እሳቸው ስልጆ በልተዋል።

እማ አልጮኸችም።

«ፎቶውሳ?» አለች።

«ለፎቶው ነው የሳቅሁት» አልኋት።

ሳህኑን አነሣች። በጨርቁ ሸፈነችው። ሹካውንም ከእጄ ወሰደችና ወደ ቤት ሄደች። ተከትያት ሄድሁ። ስልጆውን ረስቼው ነበር።

ቤት ስንደርስ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «በል ንገረኝ» አለች። «ኸመጀመሪያው ቀን ጀምረህ።»

ነገርኋት። የታሰረውን ሱሪ፣ የተገፋውን ሳህን፣ በረዶው ላይ የካድሁትን ጠርሙስ። ከሁሉ የከፋው ምግቡ እንዳልሆነም ነገርኋት። የከፋው ብቻዬን መብላቴ ነበር። ወደ ግድግዳ ዞሬ፣ «ብላ እንጂ» የሚለኝ ሳይኖር፣ «በቃኝ» የምለው ሰው ሳይኖር። እማ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመስገን ስልለት የኖርሁት የማን ልጅ ነው?» አለች።

ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። በሳማ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት መሬት አየሁና፣ ነውር የማያውቀው ሆዴ፣ «ስልጆ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለች። «ሽታው ይከብደዋል ብየ ዘንድሮ አልሠራሁም።»

እሑድን ሳታናግረኝ ዋለች። ወንበሩ ወደ ዳይሬክተሩ ተመልሷል። ምሳ ሲደርስ ከብርቱካን ጋር በአንድ ትሪ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ወረወረችልን፤ መወርወር ነው፣ ማቅረብ አይባልም። ብርቱካን የእኔን ጥግ በላችብኝ። እኔም የእሷን። ስንሻማ እማ ወጣ ብላ ገባች። ሽሮው በርበሬ ነበረው።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ ጉልቻው ላይ ድስት ተጥዷል። እማ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ታማስላለች። ሰናፍጩ በሙቀጫ ተወቅጦ ተቀምጧል። በደስታ ልዘል ስል ቀኑ ትዝ አለኝ።

«እማ፣ ረቡዕ እኮ ነው የምሄደው። ይህ እስኪደርስ ሳምንት ያልፋል።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለልጄ ነው። ሲመጣ ይበላዋል።»

«እኔስ ማን ነኝ?» ልል አፌን ከፈትሁ። ከዚያ የሁለት ዓመት ፎቶዬ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁት። እማ ማማሰሏን ሳታቋርጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የሞላውን ሰፌድ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። መሬት ላይ ተቀምጬ መላጥ ጀመርሁ።